ሽፋኑ እጅህ ላይ አለ?

የወንድሜ ፎቶ ብዙ አለን። በትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ በምርቃት ጋዋን፣ በሱቁ በር ላይ ክንዱን አጣምሮ የቆመበት። ድምፁ ግን የለንም። ይህን ያወቅነው ከቀብሩ በኋላ ነው። ድንኳኑ ገና ሳይነሳ እናቴ ከለቅሶኞቹ መሀል በዓይኗ ጠራችኝና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ "ስልክህ ውስጥ የለም? አንድ ቃል እንኳ?" አለችኝ።

የለም። ወንድሜን ለምን ብዬ እቀዳዋለሁ? በየቀኑ እሰማው ነበር።

የእሱ ስልክ አብሮት ጠፋ። ከከተማችን አጠገብ ካለችው ከቁሓ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨች። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እተወዋለሁ።

መጻፍ የፈለግሁት ስለ ድምፁ ነው። ትምህርቴ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ። መጻፍ አልለመድኩም። ግን የሚናገረውን ቃል እያስታወስኩ የሚናገርበትን ድምፅ እየረሳሁት ነው። ቃሉ በጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣው በራሴ ድምፅ ሆኗል። ይህ ያስፈራኛል። የቀረውንም ሳላጣው ያለኝን ልጻፍ።

አባታችን ከወሎ መጥቶ እዚህ መቐለ አማርኛ ያስተማረ መምህር ነበር። እኛ ልጆች ሳለን ሞተ። እናታችን የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ቤታችን ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር በትግርኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል። ወንድሜ አማርኛ ሲናገር "ሐ" እና "ዐ" ከጉሮሮው ጠልቀው ነው የሚወጡት፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ሊያርመው ሞክሮ በመጨረሻ፣ "ተወው፣ ከእናቱ የወሰደው ነው" ብሎ ስቋል አሉ። ያንን ድምፅ ነው የምፈልገው።

ወንድሜ ኮምፒዩተር ተምሮ ተመርቆ፣ ከሮማናት አደባባይ ወረድ ብሎ ባለው መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈተ። ጽሑፍ ይተይባል፣ ፎቶ ያትማል፣ ቫይረስ የበላውን ኮምፒዩተር ፎርማት አድርጎ ይመልሳል። በዚያን ጊዜ በከተማችን ቫይረስ የሌለበት ፍላሽ አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ለፈተና የሚዘጋጁ ተማሪዎች የሚያጠኑበት ዲስክ ያወጣ ነበር። መምህራን ትምህርቱን በአማርኛ ያስረዱበታል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ያርማል። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ወንድሜም ጥሩ ነው ይል ነበር። ችግሩ ቁልፉ ነው። ዲስኩን ገዝተህ ኮምፒዩተር ላይ ስትጭነው አንድ ረጅም ቁጥር ያሳይሃል። ቁጥሩን ይዘህ ሽፋኑ ላይ ወዳለው ስልክ ትደውላለህ፤ እነሱ የመክፈቻ ኮድ ይሰጡሃል። ኮዱ የሚሠራው በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ፎርማት ከተደረገ ኮዱ ይሞታል፣ እንደገና መደወል ነው። መጀመሪያ ላይ ያነሱ ነበር። እያደር ስልኩ መጥራት ብቻ ሆነ።

ልጆቹ ወደ ወንድሜ መጡ። ፎርማት ያደረገላቸው እሱ ስለሆነ ጥፋቱም የእሱ መሰላቸው። አንዷ ልጅ ፈተናዋ ደርሶ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ሰሞን ወንድሜ ክራኩን ሠራ። ክራክ ማለት ፕሮግራሙ ኮድ ሳይጠይቅ እንዲከፈት የምታደርግ ትንሽ ሌላ ፕሮግራም ናት።

ግን ሕግ አወጣ። ክራኩን የሚጭነው ሽፋኑን ይዞ ለመጣ ብቻ ነው፤ ዲስኩን በትክክል ለገዛ። ሽፋኑን ገልጦ ውስጡ ላይ በእስክሪብቶ ምልክቱን ያደርጋል። አንድ ሽፋን ለሰፈሩ ሁሉ እንዳይዞር ነው።

አንድ ቀን የሰማሁትን አልረሳም። ልጁ ላቡን እየጠረገ ገባ።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ዲስኩ አልከፈት አለኝ።"

"ሽፋኑስ?"

"ቤት ነው።"

"ቤትህ የት ነው?"

"ዓዲ ሓቂ።"

"እና ሂድ አምጣው። እግር አለህ አይደል?"

"ወይ አንተ ሰውዬ! የኩባንያው ዘበኛ ነህ እንዴ?"

"ደሞዝ የማይከፈለው ዘበኛ" አለው ወንድሜ። ልጁ እየተሳደበም እየሳቀም ወጣ። ሽፋኑን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያም ድምፁን ጨመረበት። ክራኩ ፕሮግራሙን ከመክፈቱ በፊት ስክሪኑ ይጠቁርና ወንድሜ ይናገራል። "ሽፋኑ እጅህ ላይ አለ? ካለ ግባና አጥና። ከሌለ ግን የሰው ላብ ነው፣ ሂድና ግዛ።" ይኸው ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሱቁ በሳቅ ይሞላል። አንዳንዶቹ የእሱን "ሐ" እያስመሰሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ደስ ይለው ነበር።

"ድምፁን ቆርጦ የሚጥለውስ?" ብዬ ጠይቄው ነበር።

"አይችልም። የድምፁ ፋይል ከጠፋ ፕሮግራሙ አይከፈትም። እንደዚያ አድርጌ ነው የሠራሁት።"

"አንተም መቆለፍ ጀመርክ በለኛ።"

"አንዲት ትንሽ ቁልፍ" አለና በጣቱ አሳየኝ። ፋይሉን እናታችን እኔን በልጅነቴ በምትጠራበት የቁልምጫ ስም እንደሰየመው የዚያን ቀን አየሁ። በላቲን ፊደል ነው የጻፈው። "የማልረሳው ስም ፈልጌ ነው" አለኝ።

እንዴት ከእጁ እንደወጣ አናውቅም። ክራኩ ከዲስኩ ጋር አብሮ ተቀድቶ በነጭ ወረቀት ፖስታ ሮማናት አካባቢ መሸጥ ጀመረ። ሰዎች በርካሽ ገዝተው ይከፍታሉ፤ ወንድሜ ደግሞ "ሂድና ግዛ" ይላቸዋል። አልገዙም። ሳቁና አጠኑ።

የኩባንያው ወኪል ከፖሊስ ጋር መጣ። ድምፁን የሚያውቅ ስለበዛ መፈለግ አላስፈለጋቸውም።

"ያሠራጨሁት እኔ አይደለሁም" አለ ወንድሜ።

"የሠራኸውስ?" አለው ወኪሉ።

"እሱን እኔ ነኝ።"

መዋሸት ይችል ነበር። ለጥቂት ቀን ታሠረ። እናቴ ምግብ ስትወስድለት የሰፈር ሰው እንዳያያት በጀርባ መንገድ ትሄድ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሌባ የሚለው ቃል አይጠራም፤ ግን ሁላችንም እንሰማው ነበር።

ሽማግሌዎች ገቡ። እርቁ እንዲህ ሆነ። ወንድሜ በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ ያለውን ሁሉ በወኪሉ ፊት ያጠፋል፤ የሰጣቸውን ተማሪዎችም አጥፉ ይላቸዋል፤ ከክራኩ አንድ ቅጂ ብቻ ለማስረጃ ለኩባንያው ያስረክባል። ኩባንያው ክሱን ይተዋል። ወንድሜ ቃሉን ጠበቀ። ስልክ ያላቸውን በስልክ፣ የሌላቸውን ቤታቸው ድረስ እየሄደ አጥፉ አላቸው። አጠፉ። ሱቁን ዘግቶ ማተሚያ ቤት ተቀጠረ። የዚያ ሠራተኛ ሳለ ነው የሞተው።

እንግዲህ እናቴ "አንድ ቃል እንኳ" ስትለኝ ያ ክራክ ነው የመጣልኝ። የሆነ ሰው ጋ ይኖራል ብዬ ፍላሽ ይዤ ወጣሁ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ያ ዘበኛ ነህ እንዴ ያለው ልጅ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ እንባው መጣ።

"አጥፍቼዋለሁ። እሱ ራሱ እኮ ነው አጥፉት ያለን።"

ሁሉም እንደዚያው አሉኝ። በሰው ቃል አክባሪነት የምናደድ ሰው ሆንኩ። አንድ እንኳ የማይታመን ሰው እንዴት ይጠፋል?

በነጭ ፖስታ የሚሸጡት ጋ ሄድኩ። እነሱ ወደ ፊልም ዞረዋል። አንዱ ከካርቶን ሥር አንድ ዲስክ አወጣልኝ፤ የተፋፋቀ ነው። ወደ ቤት ሮጥኩ። ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ያሽከረክራል፣ ያጉረመርማል፣ ይተፋዋል። በጥርስ ሳሙና ቢታሽ ይሠራል ሲሉ ሰምቼ አሸሁት። በጥጥ፣ በመነጽር ጨርቅ፣ እንደገና በጥርስ ሳሙና። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ምን እንደማደርግ አልጠየቀችኝም። ብቻ አንድ ጊዜ፣ "ቀስ ብለህ፣ ወደይ፣ ልጄ" አለችኝ፤ ሕፃን እያጠብኩ ይመስል። ዲስኩ አልሠራም። እስካሁን አልጣልኩትም።

ከዚያ ተስፋ ቆረጥኩ። ምሳ በልቼ መብላቴን የምረሳበት ጊዜ ነበር።

የጎረቤታችን ልጅ ለፈተና ትዘጋጅ ነበር። ቤታቸው መብራት ቆጣሪ ላስተካክል በገባሁበት ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣለች።

"አዲሱን ዲስክ ገዛሁ" አለችኝ። "አሁን እኮ ኮድ የለም። ኩባንያው ራሱ አንስቶታል። ዝም ብሎ ይከፍታል።"

ሽፋኑን አየሁት። ያው አሳታሚ ነው። "ያለ ኮድ የሚሠራ አዲስ እትም" ይላል። ከሥሩ ደግሞ ያለ ፈቃድ መቅዳትና ቁልፍ መስበር በሕግ ያስጠይቃል የሚል ማስጠንቀቂያ አለ።

ልጅቷ ከፈተችው። ስክሪኑ ጠቆረ። ምንም ድምፅ የለም። ቆመ።

"ሁሌ እንዲህ ይቆማል" አለችኝ። "አንዳንዴ የተበላሸ ይመስለኛል። ትንሽ ከጠበቁት ግን ይከፍታል።"

ከፈተ።

"እስኪ ዝጊና እንደገና ክፈቺው" አልኳት። ከፈተች። ጠቆረ፣ ቆመ፣ ከፈተ። "እስኪ እንደገና።" ልጅቷ ፊቴን አይታ ምንም ሳትል ደጋገመችልኝ። ያን ጥቁር ስክሪን አውቀዋለሁ። የቆይታውን ልክ አውቀዋለሁ። ሽፋኑ እጅህ ላይ አለ፣ ካለ ግባና አጥና፣ ከሌለ ግን የሰው ላብ ነው፣ ሂድና ግዛ። በሆዴ ስለው ልክ ሲያልቅ ሊከፍት ትንሽ ይቀረዋል።

ዲስኩን ተውሼ ወደ ወንድሜ ጓደኛ ሄድኩ። አብረው የተመረቁ ናቸው፤ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒዩተር ያስተምራል። የዲስኩን ውስጥ ከፈተና አንድ በአንድ ሲመለከት ቆየ። ከዚያ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።

"ና እየው" አለኝ።

የቁልምጫ ስሜ ነበር። በላቲን ፊደል። በዚያ ኩባንያ ዲስክ ውስጥ፣ ማስጠንቀቂያው ከተጻፈበት ሽፋን ሥር፣ እናቴ እኔን የምትጠራበት ስም።

"ክፈተው" አልኩት።

ከፈተው። ምንም። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረገ። ምንም።

"አጥፍተው በባዶ ተክተውታል" አለኝ። "ድምፅ የሌለው ድምፅ ነው። ርዝመቱ ግን ያው የእሱ ነው። ፋይሉን ቢያወጡት ፕሮግራሙ አልከፈት ይላቸዋል፣ ስለዚህ በልኩ ባዶ ሠሩለት።"

"ለምን የራሳቸውን ቁልፍ ራሳቸው አያነሱም?"

"ቁልፉን የሠራላቸው ሰው ትቷቸው ሄዷል ሲባል ሰምቻለሁ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዋናውን ጽሑፍ ይዞት ሄዶ ይሆናል፤ ያለ እሱ ቁልፉን መንቀል አይቻልም። ያላቸው ዲስኩ ብቻ ነው። እና ደግሞ..." አፍሮ ፊቱን አዞረ።

"ማስረጃው" አልኩ።

"አዎ። ማስረጃው።"

ሁለታችንም ቁጭ ብለን ያን ስም አየነው። ጓደኛው ከንፈሩን ነክሶ፣ "አሁን እሱ ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር" አለ። ከዚያ ያለውን ሰማውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እኔ ግን የመጣልኝ ሌላ ነው። ባዶ ያደረጉት እነሱ ከሆኑ ባዶ ከማድረጋቸው በፊት ድምፁ እጃቸው ላይ ነበር ማለት ነው። ማስረጃው አሁንም አለ። አዲስ አበባ አለ። ድምፁ በዓለም ላይ አለ።

ለእናቴ ነገርኳት። ሄጄ አመጣዋለሁ አልኳት። እንደዚያ ብዬ ቃል መግባት አልነበረብኝም፤ ግን ፊቷን ብታዩት እናንተም ትገቡ ነበር።

የአሳታሚው ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጇ መካከለኛ ዕድሜ ያላት፣ የደከማት የምትመስል ሴት ናት። አጠገቧ የሕግ ጠበቃቸው ተቀምጧል። በጥግ በኩል ደግሞ ፕሮግራሙን የሚያዘጋጅላቸው ወጣት ኮምፒዩተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስናገር አንገቱን ቀና አደረገና ወዲያው መልሶ አጎነበሰ። ያኔ ድምፁን ባዶ ያደረገው እሱ መሆኑን አወቅሁ።

ዲስኩ ውስጥ ያየነውን ተናገርኩ። ሥራ አስኪያጇ ሰምታኝ ስትጨርስ፣

"ስንት ነው የምትፈልገው?" አለችኝ።

"ገንዘብ አይደለም እትዬ። ድምፁን ነው። ወንድሜ ሞቷል። ሌላ ቅጂ የለም።"

ይህን አልጠበቀችም። ጠበቃውን አየችው። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ የምታስረዳ ይመስል መናገር ጀመረች።

"እኛ እኮ የራሳችንን በር ነው የከፈትነው። ቁልፉን የሠራው ሰውዬ ጥሎን ሄደ። ኮድ የሚሰጠው ማሽን ተበላሸ። ልጆቹ ገንዘባቸውን ከፍለው ዲስኩን ይዘው ያለቅሳሉ። ምን እናድርግ? እንዝጋባቸው?"

"ወንድሜም ይህንኑ ነበር ያለው" አልኩ።

ወደ ጠበቃው ዞረች።

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። "አየህ ወንድሜ፣ ፕሮግራሙ የእኛ ንብረት ነው። ወንድምህ ያለ ፈቃድ ገብቶበታል። ከንብረታችን ላይ የሠራው ነገር የእኔ ነው ሊል አይችልም። እኛም ተጠቀምን አላልንም።"

"ስሜ እኮ ዲስካችሁ ውስጥ አለ።"

"የምን ስም?"

ነገርኩት። የቁልምጫ ስሜን በዚያ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከእናቴና ከወንድሜ ሌላ ማንም ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። ጠበቃው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ለጥቂት ጊዜ አላነሳውም።

በመጨረሻ እንዲህ አለ። "ድምፁን ሰጠንህ ማለት አለን ማለት ነው። አለን ማለት ደግሞ ተጠቅመንበታል ማለት ነው። ነገ ሌላ ሰው ክራክ ሠርቶ ስንከስሰው፣ እናንተስ ይለናል። ገባህ? ስለዚህ አንድ ነገር ትፈርምልናለህ።"

ጽፎ አመጣው። አጭር ነው። ወንድሜ የኩባንያውን ሥራ በሕገወጥ መንገድ ሰብሮ ለጥቅም ማሠራጨቱን ቤተሰቡ ያምናል፤ አሁንም ወደፊትም ምንም ጥያቄ የለንም። ከፈረምኩ ድምፁን በፍላሽ ይሰጡኛል።

"ለጥቅም አላሠራጨም" አልኩ። "ሽፋን ያልያዘ እኮ ከበሩ ይመልስ ነበር።"

"እሱን እኛ አናውቅም።"

"ሽፋን ላይ የፈረመውን ላምጣላችሁ? ልጆቹ ጋ አለ።"

"የኔ ወንድም" አለችኝ ሥራ አስኪያጇ፤ አነጋገሯ ክፉ አልነበረም። "ሞቷል እኮ። ማን ይከስሰዋል? ወረቀት ነው።"

እስክሪብቶውን ያዝኩ። እውነቱን ልናገር፤ ልፈርም ነበር። ስለ ሕጉ አላውቅም። ምናልባት ሕጉ የእነሱ ይሆናል። ወንድሜ ሳይጠይቅ ነው የገባው፣ ይህን ራሱም አልካደም። ግን እሱ በሩን ሲከፍት ወንጀል፣ እነሱ በእሱው ቁልፍ ሲከፍቱ አዲስ እትም የሆነው እንዴት ነው? ይህ በጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ እጄ ግን ወደ ወረቀቱ እየሄደ ነበር። አንድ ጊዜ ልስማው እንጂ የፈለጉትን ይበሉት፣ እያልኩ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ልደውል ብዬ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ወደ ደረጃው ወጣሁ።

"ኣደይ፣ አለ። ድምፁ አለ" አልኳት።

ማልቀስ ጀመረች። እስክትረጋጋ ጠበቅኋትና ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። የተጻፈውን እንዳለ አነበብኩላት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ጠራኋት።

"አለሁ" አለች። "ያ ድምፅ ምን ነበር የሚለው? ንገረኝ እስቲ።"

"ሽፋኑ እጅህ ላይ አለ? ካለ ግባና አጥና። ከሌለ ግን የሰው ላብ ነው፣ ሂድና ግዛ።"

"ይህን እያለ ነው ሌባ ነበር ብለህ የምትፈርምበት?"

"ኣደይ፣ ሌላ መንገድ የለም እኮ። ሁለተኛ አናገኘውም።"

"እኔ በጀርባ መንገድ ስሄድ ኖሬያለሁ" አለችኝ። "ያኔ በሕይወት ነበር፣ ይፈታል ብዬ ነው። አሁን አልሄድም። ና ግባ፣ ወደይ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሳይመሽ ተነሳ።"

ዘጋችው።

ተናደድኩባት። አሁንም አልፎ አልፎ እናደዳለሁ። ቢሮው ገብቼ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና እናቴ አልፈቀደችም አልኩ። ጠበቃው ትከሻውን ሰበቀ። ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። "ሐሳብህን ከለወጥክ ቁጥራችንን ታውቀዋለህ" አለችኝ። አውቀዋለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው ነው።

ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ የሚሮጥ ኮቴ ሰማሁ። ያ ወጣት ነው። ደርሶ ሊነካኝ ፈልጎ እጁን መለሰ።

"ይቅርታ" አለኝ። "የፋይሉን ስም ልቀይረው ነበር። ከቀየርኩት አይከፍትም።"

"ድምፁ አለ?"

ወደ ላይ አየ። "አለ። ሰምቼዋለሁ። ብሰጥህ እንጀራዬን ነው የማጣው። እናት አለችኝ እኔም።"

ልለምነው እችል ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ያለው ነገር ቀድሞ አፌን ዘጋው። እኔ ያጣሁትን ይህ ሰው በጆሮው ሰምቶታል።

"እንዴት ነው?" አልኩት። "እንዴት ነው ድምፁ?"

አሰበ። "ወፍራም ነው። 'ሂድ' ሲል እንደ 'ሐ' ከጉሮሮው ነው። ረጋ ብሎ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይስቃል።"

"አይስቅም። 'ሂድና ግዛ' ብሎ ነው የሚያበቃው።"

"ይስቃል" አለኝ። "ግዛ ካለ በኋላ ጥቂት ዝም ይልና ትንሽ ይስቃል። እንዳይሰማበት አፉን የሸፈነ ይመስላል። ብዙ ጊዜ ነው የሰማሁት፣ ስቆርጠው።"

እኔ ያን ክራክ በሱቁ ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሳቁን ግን ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ ቀድመው ይስቁ ነበር። "ግዛ" ሲል ሱቁ ይፈነዳል፤ የእሱ ሳቅ ሁልጊዜ በእነሱ ሳቅ ሥር ነበር። ዲስኩ ሊከፍት ትንሽ የሚቀረው ለዚህ ነው። ቃሉ አልቆ ቆይታው የሚተርፈው ለሳቁ ነው።

ወጣቱ ወደ ላይ ተመለሰ። ስሙን አልጠየቅሁትም።

አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ወረቀቱን ብፈርም ኖሮ ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነበር እያልኩ ኪሴን እዳብስ ነበር። አላማጣን አልፈን ዳገቱን ስንወጣ አንዱ ተሳፋሪ ከስልኩ የሞተ አባቱን ይሁን የሩቅ ዘመዱን የተቀዳ ምርቃት ያሰማ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ አሜን ይላል። መስኮቱን ከፍቼ ጭንቅላቴን አወጣሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ባዶ እጄን አላየችም፤ ፊቴን ነው ያየችው። እግሬን ታጠብኩ። በላሁ። ከዚያ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩና የጎረቤታችንን ልጅ ዲስክ አስገባሁ። ወንበር ስቤ እናቴን አስቀመጥኳት።

"ምን አለው?" አለችኝ።

"ምንም የለውም። አውጥተውታል። ቦታው ግን አለ።"

ተጫንኩት። ስክሪኑ ጠቆረ። በጥቁሩ ውስጥ የሁለታችን ፊት ይታያል። በዝግታ አልኩላት፤ በራሴ ድምፅ፣ ሌላ ድምፅ ስለሌለኝ። ሽፋኑ እጅህ ላይ አለ። ካለ ግባና አጥና። ከሌለ ግን የሰው ላብ ነው። ሂድና ግዛ።

ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ነበር።

"እዚህ ጋ ይስቃል" አልኳት።

እናቴ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከዚያ ከፈተ፤ የባዮሎጂ መምህሩ ስለ ሴል ማስረዳት ጀመረ። እናቴ ከስክሪኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ፣

"ዝጋውና እንደገና ክፈተው" አለችኝ።

ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት።